በሬው ከመሸጡ በፊት

ልጄ፣ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። ባልሽ «በሬውን ሸጠን አዲስ አበባ እንውሰደው» ይላል። አማትሽ «መጀመሪያ ፀበል ይጠመቅ፣ ሼሁም ዱዓ ያድርጉለት» ይላሉ፤ ወሎ ነውና ሁለቱም ከአንድ አፍ ይወጣል። አንቺን ደግሞ ሌሊት በስልክሽ የምታዪው የፈረንጅ አገር ቴራፒ እንቅልፍ ነስቶሻል። ልጁ አራት ዓመቱ ነው፤ ስሙ ሲጠራ አይዞርም፣ የጠርሙስ ክዳን በመስመር ሲደረድር ይውላል፣ «እማ» ይል የነበረውን እንኳ ትቶታል። ያየው ሐኪም «ኦቲዝም ነው» ብሎሻል። ከዚያስ ምን ላድርግ ስትዪ ግን ጥርት ያለ መልስ አላገኘሽም።

እኔ ዕድሜዬን በጤና ጣቢያ ነርስነት ጨርሼ፣ ኦቲዝም ያለበትን የልጅ ልጄን እዚሁ ደሴ አጠገብ ገራዶ ያሳደግኩ ሴት ነኝ። ዛሬ ቁመቱ በልጦኝ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። የምነግርሽ ከሥራውም ከቤቱም የለቀምኩትን ነው። ባልሽም ይስማው፤ ለአንቺ ብቻ የተጻፈ አይደለም።

1. ከሁሉ በፊት ጆሮው ይታይ። ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ሁሉ ኦቲዝም የለበትም። ጆሮው መግል እያፈለቀ አድጎ በደንብ የማይሰማ ልጅ በአገራችን ሞልቷል፤ ንግግሩም አብሮ ይዘገያል። በጨዋታው ተመስጦ ሳለ ከኋላው ሆነሽ የብስኩት ላስቲክ ኮሽ አድርጊ። ለስሙ ያልዞረው ልጅ ለብስኩቱ ከዞረ ቢያንስ የሚሰማው ነገር አለ ማለት ነው። ይህ ግን ምርመራን አይተካም፤ የጆሮ ሐኪም ይየው። ቀጥለሽ ስለሚጥል በሽታ ጠይቂ፤ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ከሌላው ልጅ ይልቅ ያጠቃልና። ዓይኑ ለአፍታ ፈዞ ሲቀር ወይም ሌሊት ሲንቀጠቀጥ ካየሽ በስልክሽ ቅረጪው። ሐኪም ፊት ስትደርሺ አይደገምም፤ በቃል የተነገረውና በዓይን የታየው ደግሞ አንድ አይሆንም። የነበረውን ቃል መተዉንም ሳትረሺ ንገሪ። ቃል መጣል በኦቲዝም የታወቀ ነው፤ እጁና እግሩም እየደከመ ከሄደ ግን ሌላ ምርመራ ይፈልጋል።

2. ጥፋተኛ ፍለጋውን ተዪው። ነፍሰ ጡር ሳለሽ ቀትር ላይ ወንዝ ተሻግረሻል፣ ዓይን በልቶታል፣ የአባቱ ወገን እርግማን አለበት፣ የሚሉሽን ሁሉ ሰምቻለሁ። ይህ የእኛ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ 11 ልጆችን አይቶ ስለ ኦቲዝም ከጻፈ በኋላ፣ እዚያም የተማሩት ሰዎች ለብዙ ዓመታት «እናትየዋ ልቧ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው» እያሉ ስንቷን እናት አስለቅሰዋል። ይህን ሐሳብ በመጽሐፍ ሞግቶ ያፈረሰው በርናርድ ሪምላንድ ነው። ሰውየው ሳይኮሎጂስት ነበር፤ ከዚያም በላይ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ዛሬ ኦቲዝም ከአእምሮ አፈጣጠርና ዕድገት የሚመጣ፣ ዘር ትልቅ ድርሻ ያለው ነገር እንደሆነ ይታወቃል። አንቺ ያደረግሽውም ያላደረግሽውም አይደለም።

ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለውን ወሬ ለብቻ ላንሳው፤ ታናሹን ላለማስከተብ እያመነታሽ እንደሆነ ሰምቻለሁና። ወሬው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1998 እንግሊዝ አገር አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ ሐኪም በ12 ልጆች ላይ በጻፈው ጽሑፍ ነው። ያወጣው መጽሔት፣ ላንሴት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል፤ ሰውየውም የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጥቋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዴንማርክ ውስጥ ከ650 ሺህ በላይ ልጆች ተጠንተው የኩፍኝ ክትባት የወሰዱትና ያልወሰዱት በኦቲዝም ልዩነት አልተገኘባቸውም። ኩፍኝ ግን እኛ ዘንድ ዛሬም ልጅ ይቀብራል። ታናሹን አስከትቢ።

3. ከአማትሽ ጋር በፀበሉ አትጣዪ። እሳቸው ያላቸውን ነው የሚሰጡሽ። ደግሞም ከዚህ በኋላ ልጁን አንድ ቀን ይዘውልሽ ገበያ የምትወጪው እሳቸውን አምነሽ ነው። ነገር ግን አራት ነገር አስምዪ፦ አይታሰርም፣ አይመታም፣ አይራብም፣ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ካለ አይቋረጥም። በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ልጅ ሊገድል ይችላል። «ፀበል ከተጀመረ ክኒን ይቅር» የሚል ካለ፣ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ፀበል አብረው ይወሰዳሉ ብለው ለምእመኑ ማስተማራቸውን ንገሪው። ጩኸትና ግፊያ ለሚያስጨንቀው ልጅ ደግሞ የንግሥ ቀን አይሆንም፤ ሰው በሌለበት በማለዳ ውሰጂው፣ ለአጥማቂው አስቀድመሽ ንገሪ፣ ውሃውን በእጁ ነክቶ ይልመደው። ሼሁ ዘንድም እንዲሁ። ዱዓ ከአንድ ማድጋ ውሃ በላይ አያስከፍልም፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቅሽን ግን ጠርጥሪው።

4. አዲስ አበባ። እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ በሬው የሚሸጠው ለዚህ ነውና።

አዲስ አበባ ለዚህ ነገር ቀድማለች፤ መካድ አይቻልም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ያካሂዱ የነበሩ ሴት ናቸው። የገዛ ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበትና የሚቀበለው ትምህርት ቤት ስላጡ፣ ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው እ.ኤ.አ. በ2002 «ጆይ» የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፈቱ። ያን ጊዜ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ ከጓዳ አያወጣም ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ ልጃቸው በአደባባይ ተናገሩ። ላልተናገሩ ልጆች በፊደላችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የሚባል ማለማመጃም አዘጋጅተዋል። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ማዕከሉን ትተውልን ሄደዋል። ከጆይ መከፈት በኋላም ሌሎች ወላጆች ተሰባስበው ነህምያ የተባለውን ማዕከል አቋቁመዋል። የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒክ አላቸው። እንግዲህ ባልሽ የሰማው ወሬ ሐሰት አይደለም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ማዕከላቱ ጥቂት ናቸው፤ ተራ የሚጠብቀው ከሚማረው ይበልጣል። ሁለተኛ፣ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ኪራይ የሚከፍል ገበሬ በሬውን በስንት ወር እንደሚበላው አንቺም ታውቂዋለሽ። ሦስተኛውን ማንም አያነሳውም። ልጅሽ አያቱን፣ ግቢውን፣ ውሻውን፣ የለመደውን መንገድ ሁሉ በአንድ ቀን ያጣል። ለውጥ ለሚከብደው ልጅ ይህ ቀላል አይደለም፤ አንቺም የሚያግዝሽ ሰው በሌለበት ብቻሽን ትቀሪያለሽ። ሰው ሁሉ የሚያሰላው የሚያገኘውን እንጂ የሚያጣውን አይደለም።

የኔ ፍርድ ይኸው፦ አዲስ አበባ ሂጂ፤ ለመኖር ሳይሆን ለመማር ሂጂ። ከመሄድሽ በፊት እዚያ ያለ ዘመድ በእግሩ ሄዶ ይጠይቅልሽ። ቦታ አለ ወይ፣ ልጁ በሳምንት ስንት ሰዓት ይማራል፣ ክፍያው ስንት ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወላጅ ታሠለጥናላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቅ። ለመጨረሻው «አዎ» የሚል ቦታ ካገኘሽ ለጥቂት ሳምንት ጓዝ ሸክፈሽ ሂጂ፤ ባልሽም አብሮሽ ይቀመጥና ይስማ። በሬው ሳይሸጥ የሚቻል ነገር ነው። ለመጓጓዣው እቁብም ይበቃል።

ጠቅልሎ መሄድ የሚያዋጣው ሰው የለም አልልም። ባል እዚያ ሥራ ካገኘ፣ ወይም የምታርፊበት የእህት ቤት ካለ፣ ቦታውም የተረጋገጠ ከሆነ ሂዱ። በተስፋ ብቻ ግን አትሂዱ።

5. ቴራፒ የሚሉት ነገር ትልቁ ክፍል ቤትሽ ውስጥ ነው። ይህን ለማጽናናት አልልሽም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ ላልበዛባቸው አገሮች ብሎ የአሳዳጊዎች ክህሎት ሥልጠና አዘጋጅቷል፤ 9 የቡድን ትምህርትና 3 የቤት ጉብኝት ያለው፣ ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች የሚሰጥ ነው። በእኛም አገር ለሰዉ በሚሆን መንገድ ተስተካክሎ በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። ሥልጠናው ወላጅን ቴራፒስት ላድርግ አይልም። ልብስ ሲለበስ፣ ምግብ ሲበላ፣ ጨዋታ ሲኖር፣ ያንኑ ጊዜ ለመግባቢያ እንድትጠቀሚበት ነው የሚያሳየው። ዋና ዋናውን ልንገርሽ።

ልጁን ከጨዋታው አትንጠቂው፤ አንቺ ወደሱ ግቢ። ክዳን ሲደረድር አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ በይና አንቺም ደርድሪ። መጀመሪያ ይገፋሽ ይሆናል፤ ተመልሰሽ ተቀመጪ። ሲለምድሽ አንድ ክዳን ፊትሽ አጠገብ ያዢና ዝም በይ። «ምንድን ነው? በል! ንገረኝ!» አትበይ፤ ዝም ብለሽ ጠብቂ። ዓይኑን ጣል ካደረገብሽ ወይም እጁን ከዘረጋ ወዲያው «ክዳን» ብለሽ ስጪው። ያቺ ዕይታ ጥያቄ ናት፤ ጥያቄ መልስ እንዳለው የሚያውቀው እንዲህ ነው። ቃልሽን አሳጥሪ። «ና እስቲ የኔ ጌታ ጫማህን አድርገህ ውጭ እንውጣ» ከማለት «ጫማ፣ ከዚያ ውጭ» ማለቱ ይገባዋል። በቀን ውስጥ እንዲህ ያለ አጭር አጭር ጊዜ ደጋግሞ ይምጣ እንጂ ሰዓት ሙሉ አስቀምጠሽ አታድርቂው።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ላክል። ቡና የምታፈዪ አይደለሽ? የልጅ ልጄን ከሰው ያገናኘው ቡና ነው ብል አልዋሸሁም። መጀመሪያ ላይ ሙቀጫው ሲመታ ጆሮውን ይዞ ከቤት ይሮጥ ነበር። ስለዚህ መውቀጡን ወደ ጓሮ ወሰድነው፤ ዕጣኑንም ዓይኑን ስለሚቆጠቁጠው በር ላይ አደረግነው። ከዚያ ያ የመደርደር ፍቅሩ ሥራ ሆነለት፤ ስኒዎቹን ረከቦት ላይ በመስመር የሚደረድረው እሱ ሆነ። ማንም እንዳይነካበት። ስኒ ቢወላገድ ሄዶ ያቀናዋል፤ ጎረቤቶቼ አውቀው ያወላግዱና ሲመጣ ዓይኑን ያዩታል። አቦሉ ሲቀዳ ስኒውን ለአንዷ ጎረቤት ይወስዳል፤ እሷም ቸኩላ አትቀበለውም፣ እጇን ዘርግታ ስሙን ጠርታ ትጠብቃለች። ቶናውም እንዲሁ፣ በረካውም እንዲሁ። በአንድ ከሰዓት ያው ነገር በያው ቅደም ተከተል ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ለእንዲህ ያለ ልጅ ከዚህ የተመቸ ትምህርት ቤት ከየት ይመጣል? ከዚያም ወዲያ ሰፈሩ ልጁን አወቀው። በኋላ ከግቢ ወጥቶ ሲጠፋ ይዘውት የሚመጡት እነዚያው ቡና ጠጪዎች ነበሩ።

6. ንግግር እስኪመጣ ድረስ ሥዕል ስጪው። «በሥዕል ከለመደ መናገር ይሰንፋል» ይሉሻል፤ ጥናቱ እንደዚያ አይልም። ሥዕልና ምልክት ንግግርን አያዘገይም፤ አንዳንዱን ልጅ እንዲያውም ወደ ንግግር ይገፋዋል። በሥዕል መለዋወጥ የሚባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ የተጀመረ ነው፤ እቃው ግን ደሴ ፒያሳ ባለ ፎቶ ቤት ያልቃል። የራሱን ኩባያ፣ የራሱን ዳቦ፣ የሽንት ቤቱን በር፣ የአያቱን ፊት በስልክሽ አንሺ፤ የሌላ ሰው ኩባያ ሥዕል ላይገባው ይችላል። ፎቶውን በመዳፉ ልክ አሳትመሽ በላስቲክ አስለብጪው፤ ይልሰዋልና ወረቀቱ ባዶውን አይበረክትም። ውሃ ሲፈልግ እጅሽን ጎትቶ እንስራው ጋ ከመውሰድ ይልቅ ፎቶውን አንስቶ እጅሽ ላይ እንዲያኖር አለማምጂው። ባኖረ ቁጥር ውሃ ይምጣለት፤ ያለማመንታት። በአንድ ፎቶ ጀምሪ።

የፎቶዎቹ ሁለት ቅጂ ይኑርሽ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ ሰው ሁሉ በድንጋጤ ሲወጣ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ያጡት ቤት ብቻ አልነበረም። ሆስፒታሉም ተዘርፎ ስለነበር ክኒን እንኳ የጠፋበት ወቅት ነው። አንዱ የፎቶ ቅጂ፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን የተጻፈበት ወረቀትና የሚወዳት ጨርቅ አንድ ከረጢት ውስጥ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይኑር። ያኔ ልብስ ብቻ ይዘው የወጡ እናቶች ነግረውኝ ነው።

7. በስልክሽ ያየሽው «በሳምንት 40 ሰዓት» የሚለው አያስደንግጥሽ። ቁጥሩ የመጣው ኢቫር ሎቫስ የተባለ የካሊፎርኒያ ሳይኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1987 በ19 ልጆች ላይ ካሳተመው ሥራ ነው። የባሕርይ ማስተካከያ የሚባለው ዘዴ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ጨዋታን መሠረት አድርጎ፣ ነገሩን ከፋፍሎ ማስተማሩ ይጠቅማል። ነገር ግን በዚያ በመጀመሪያው ዘመን ቅጣትም ጥፊም ነበረበት፤ ልጆች ሆነው ያለፉበት አዋቂዎች ዛሬ ምሬታቸውን ይናገራሉ፤ እኔም እሰማቸዋለሁ። ስለዚህ አሠልጣኝ ነኝ የሚል ሰው ካገኘሽ፣ ልጁ ሲያለቅስ ምን ታደርጋለህ በይው። ምግብ ከልክሎ የሚያስተምር፣ እጁን ይዞ ዓይኔን እየኝ እያለ የሚያስገድድ፣ አንቺን ከክፍል የሚያስወጣ ከሆነ ገንዘብሽን ይዘሽ ተመለሺ። እጁን ማርገብገቡንም ካልጎዳው ተዪለት።

8. «ሙሉ በሙሉ ይድናል» የሚልሽን ሽሺ። ኦቲዝምን የሚያድን ክኒን፣ መርፌ፣ ምግብ የለም። ሕይወቱ ግን ይሻሻላል፤ እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሜርኩሪ ከደም እናጥባለን የሚሉ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ በዚህ መርፌ ሞቷል። የልብስ ማንጫ ዓይነት ኬሚካል «ተአምር» ብለው በጠብታ የሚሸጡ አሉ፤ አንጀት ያቃጥላል። የስቴም ሴል መርፌ ሕንድ ወይም ሌላ አገር ሄደሽ አስወጊ የሚሉም አይጠፉም፤ ለኦቲዝም መሥራቱ አልተረጋገጠም። ግሉተን የሌለው ምግብ ደግሞ የሚያስቀኝ ነው። ፈረንጅ በውድ የሚገዛው ያ ምግብ ጤፋችን ነው፤ ጤፍ ሲበላ ያደገው የልጅ ልጄ ኦቲዝሙ አልለቀቀውም። እንጀራውን ስጪው፤ እንቁላልና ወተት ካገኘሽ ጨምሪበት።

9. መድኃኒት። ራሱን የሚነክስ፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ የሚያላጋ፣ ሌሎችን የሚጎዳ ከሆነ የሳይካትሪ ባለሙያ ሪስፔሪዶን ሊያዝ ይችላል። ቁጣውንና ብስጭቱን ያለዝባል እንጂ ኦቲዝሙን አይነካም፤ እንቅልፍና ውፍረት ያመጣል፤ ክብደቱ እየተመዘነ ነው የሚሰጠው። የልጅሽ ችግር ግን እንደነገርሽኝ ዝምታውና መደርደሩ ነው። ለዚያ መድኃኒት አትለምኚ። ድንገት መጮህ ከጀመረ ደግሞ ወደ ክኒን ከመሮጥሽ በፊት ጥርሱን፣ ጆሮውንና ሆዱን እዪ፤ አመመኝ ማለት የማይችል ልጅ የሚናገረው በጩኸት ነው።

10. መጥፋቱን ፍሪ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ውሃ ይወዳሉ፣ አደጋም አያውቁም። የጉድጓዱን አፍ ክደኚ፣ የግቢውን በር መቀርቀሪያ እጁ ከማይደርስበት አድርጊ፣ የስልክ ቁጥርሽን ከልብሱ ውስጠኛ ክፍል ላይ ስፊው። ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ላይ የጭነት መኪናው ፋታ የለውም፤ ገበያ ስትሄጂ በጀርባሽ ይሁን። ማሰር ግን የለም። ምርጫ አጥታ ልጇን ምሰሶ ላይ አስራ የምትውል እናት አውቃለሁ፤ አልፈርድባትም፤ ግን የታሰረ ልጅ የሚማረው ነገር የለም። ለእሷ ጎረቤቶቿ ፈረቃ ቢገቡላት ኖሮ ይበቃት ነበር፤ አንቺ ያንን ከአሁኑ ጠይቂ።

11. ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት እስኪሞላው አትጠብቂ። በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎች ተጠይቀው ከሁሉ በላይ የጎደለን ያሉት የልጃቸውን ትምህርት ነው። ገራዶም ቢጠየቅ ሌላ መልስ አይመጣም። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀብላለች፤ አካቶ ትምህርት የመንግሥት ፖሊሲ ነው። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ልመና ይዘሽ አትግቢ። ወረዳው የልዩ ፍላጎት መምህር ወይም ልዩ ክፍል የት እንዳለው ጠይቂ። ከሌለ፣ በአጸደ ሕፃናት ለመጀመሪያው ጊዜ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ፣ አንቺ ወይም ታላቅ እህቱ ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ እንዲጀምር ተስማሚ። መምህሯ 60 ልጅ ይዛ መከራዋን ታያለች፤ ስለዚህ አንድ ገጽ ጽፈሽ ስጪያት፦ የሚወደው፣ የሚያስፈራው፣ ሲናደድ የሚያረጋጋው፣ ሽንት ሲመጣው የሚያሳየው ምልክት። ከአንድ ገጽ በላይ አታነብም።

12. ስለ ቤታችሁ አጭር ልበል። ባልሽ ገንዘብ የሚያወጣው ፍቅሩን በሌላ መንገድ ማሳየት ስለማያውቅ ነው፤ ሥራ ስጪው። ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ልጁ የእሱ ይሁን፤ ጀርባው ላይ አዝሎ ግቢውን ይዙር፣ ከፈለገ አብሮት ክዳን ይደርድር። ታላቋን ልጅ እናት አታድርጊያት፤ የራሷ ቀን ይኑራት። አንቺም ልብሽ ሲዝል ጤና ጣቢያ ሂደሽ ተናገሪ፤ እንዲህ ያለ ልጅ የያዘች እናት በጭንቀት መውደቋ ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው፤ ሕክምናም አለው። ማኅበርና እድር ላይ አትቅሪ። የልጁን ነገር ደብቀሽ «አመም አድርጎታል» እያልሽ የቀረሽባቸው ሁለት ለቅሶዎች ተቆጥረውብሻል፤ ሰዉ የተቀየመው መቅረትሽን ነው እንጂ ልጁን አይደለም።

13. በዚህ ሳምንት የምታደርጊው ይህ ነው። ጤና ኬላ ሄደሽ ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አነጋግሪ፤ ስለ ልጆች ዕድገት መዛባት ለእነሱ የተዘጋጀ ሥልጠና አለና ወስዳ እንደሆነ ጠይቂያት፣ ባትወስድም ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ያላትን ሌላ እናት የምታውቀው እሷ ናት። ካለች ተገናኙ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ገብተሽ ለደሴ ሆስፒታል ሪፈር አጽፊ፤ ወረቀቱ ላይ ጆሮም ሳይካትሪም ይጻፍበት፣ አለዚያ ሁለት ጊዜ ትመላለሻለሽ። ዓመታዊውን የጤና መድን መዋጮ ካልከፈላችሁ አሁን ክፈሉ፤ ሪፈር ሳትይዢ በቀጥታ ከሄድሽ መድኑ ሙሉውን አይሸፍንልሽም። ሲፈዝ ወይም ሲንቀጠቀጥ የቀረጽሽው ቪዲዮ ካለ ከስልክሽ እንዳታጠፊው። ቀጠሮሽ ጠዋት ከሆነ ልጁ ከመተኛቱ በፊት የሆስፒታሉን በር ፎቶ አሳዪው፤ ከሌለሽ ከእኔ ውሰጂ፣ አለኝ።